ምዕራፍ ሰባት፦ ስሙ የማይጻፍ አያት

ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ «ሙሉ ስም ከነአያት» ይባላል። ልጁ የራሱን፣ የአባቱንና የአባቱን አባት ስም ይናገራል፤ መዝጋቢውም ሦስቱን አሰልፎ ይጽፋል። አድጎ መታወቂያ ሲያወጣም፣ ፓስፖርት ሲያወጣም ይህ ሰልፍ አይቀየርም። የእናቱ አባት በዚህ ስም ውስጥ ቦታ የለውም።

ባለፈው ምዕራፍ ዘራቸውን በአባት በኩል ብቻ የሚቆጥሩ ማኅበረሰቦችን አይተን አንድ ጥያቄ አንጠልጥለን ነበር የተለያየነው። አማራው ስሙን በአባት በኩል የሚሰድር ከሆነ፣ ዘሩንም የሚቆጥረው በአባት በኩል ብቻ ነው? መልሱ አይደለም ነው። ይህ ምዕራፍ ለምን እንዳልሆነ ያስረዳል።

ለዚህ አንድ አዛውንት ያስፈልጉናል። ቤታቸውን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ የጉማራን ድልድይ አልፈን ወረታ ሳንደርስ እናድርገው። ወንድ ልጅ የላቸውም፤ የወለዱት ሦስት ሴቶች ነው። አንዷ ወረታ፣ አንዷ ባሕር ዳር፣ አንዷ ደብረ ታቦር ተድረዋል። ከሦስቱ ሰባት የልጅ ልጅ አይተዋል። በሠርግ ቀን ሽማግሌ ተነሥቶ «የልጅ ልጅ ለማየት ያብቃችሁ» ብሎ የመረቀው ምርቃት ደርሶላቸዋል ማለት ነው። ነገር ግን ከሰባቱ በአንዱም ሙሉ ስም ውስጥ የእሳቸው ስም የለም። ታዲያ የእኚህ ሰው ዘር ተቋረጠ?

ቦይና ሜዳ

የሰው ልጅ ዘሩን የሚቆጥርበት መንገድ በዝርዝሩ ብዙ ነው። አጥኚዎች በጥቅሉ ሲከፍሉት ግን በአንድ ወገን የሚቆጠርና በሁለት ወገን የሚቆጠር ይሉታል። ልዩነቱን ለማየት አዛውንቱ ከደጃቸው ቆመው የሚያዩት የፎገራ ሜዳ ይበቃናል።

በጋ ላይ ከርብ ወይም ከጉማራ ውኃ በፓምፕ ስቦ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ቦይ ይቆፍራል። ውኃው የሚሄደው በተቆፈረለት ብቻ ነው፤ ከቦዩ ጥቂት ክንድ ራቅ ያለው መሬት ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ክረምት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ርብ በሰሜን፣ ጉማራ በደቡብ ሞልተው ከመውረጃቸው ይወጣሉ፤ ጣናም ከምዕራብ ከፍ ይላል። ነሐሴ ላይ ሜዳው ላይ የተኛውን ውኃ ይህ የርብ፣ ያ የጉማራ ብሎ የሚለይ ሰው የለም።

በአንድ ወገን የሚቆጠር ዘር ቦዩን ይመስላል። ሶማሌው፣ አፋሩና ኦሮሞው ጎሳቸውን የሚቆጥሩት በአባት መስመር ነው። ሴት ልጅ የአባቷ ጎሳ ናት፤ የምትወልዳቸው ልጆች ግን የባሏ ጎሳ ይሆናሉ። ይህ ማለት የእናት አባት የልጅ ልጆቹን አይወድም ማለት አይደለም። ይወዳቸዋል፤ ነገር ግን የሌላ ቤት ልጆች እንደሆኑ እያወቀ ነው የሚወዳቸው። በእናት በኩል ብቻ የሚቆጥሩ ሕዝቦችም በዓለም ላይ አሉ፤ የእነሱም ያው ቦይ ነው፣ የተቆፈረው በሌላ አቅጣጫ መሆኑ ካልሆነ በቀር።

የአማራው አቆጣጠር ግን ክረምት የሞላውን ሜዳ ነው የሚመስለው። ሰው ከአባቱም ከእናቱም እኩል ይወርዳል። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያለ በእያንዳንዱ እርከን እጥፍ እየሆነ ይወጣል። ወላጆችን አንደኛ እርከን ብለን ብንጀምር ሰባተኛው ላይ 128 ሰዎች እናገኛለን፤ የሰባቱ እርከን ድምር 254 ነው። በቦዩ መንገድ የሚቆጥር ሰው እዚያው ቦታ ሲደርስ የሚጠራው ሰባት ስም ብቻ ነው።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ የሚቆጥሩትም በሁሉም ወገን ነው። የልጅቷ እናት አያት ከልጁ አባት አያት ጋር የሚገናኙ ከሆነ ነገሩ እዚያው ይቆማል። የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ በጎን ዝምድና የሚከለክለው ከዚህ በብዙ የጠበበ ነው፤ ልማዱ ሕጉን አልጠበቀም። ስለዚህ የጉማራው አዛውንት ስም ትምህርት ቤት ባይጻፍም፣ የልጅ ልጃቸው ለጋብቻ ስትጠየቅ ይጠራል። ከእሳቸው በላይ ያሉትም ይጠራሉ።

ዓይን የሚናገረው

ተፈጥሮስ በየትኛው ትቆጥራለች? በምዕራፍ ሦስት እንዳየነው እያንዳንዳችን ከእናት 23፣ ከአባት 23 ክሮሞሶም እንወስዳለን። ክሮሞሶም የምንላቸው የዘር መረጃችን ተጠቅልሎ የተቀመጠባቸው ክሮች ናቸው። የልጅ ልጅ በአማካይ ከእያንዳንዱ አያት ሩቡን ይይዛል። እስከዚህ ድረስ ተፈጥሮ የሜዳው ወገን ናት፤ የእናትን አባት ከአባት አባት አታሳንስም።

ይህን ሚዛን የሚያዛባው አንድ ጥንድ ክሮሞሶም ብቻ ነው። ወንድ ልጅ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ የሚባሉ ክሮሞሶሞች አሉት። ዋዩን ለወንዶች ልጆቹ ብቻ፣ ኤክሱን ለሴቶች ልጆቹ ብቻ ያወርሳል። እንግዲህ ዋይ የሚጓዝበት መንገድ ስም የሚጓዝበት መንገድ ነው። የአንድ ወንድ ኤክስ ግን ወደ ልጅ ልጆቹ የሚደርሰው በሴት ልጁ በኩል ብቻ ነው፤ በወንድ ልጁ በኩል ጭራሽ አያልፍም።

አዛውንቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀይና አረንጓዴ ለመለየት የሚቸገሩ ሰው ናቸው እንበል። ቃሪያው መቅላቱን በመልኩ ሳይሆን ዳብሰው ነው የሚያውቁት። ሦስቱም ሴቶች ልጆቻቸው በደንብ ያያሉ፤ ከእናታቸው ያገኙት ሁለተኛው ኤክስ ይሸፍንላቸዋል። ነገር ግን ሦስቱም የአባታቸውን ኤክስ ይዘዋል። ከእነሱ የሚወለድ ወንድ ልጅ ሁሉ የአያቱን ዓይን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ባሕር ዳር የተወለደ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የቀለም እርሳስ እያምታታ መምህሩን ግራ ሲያጋባ፣ ስሙ ውስጥ የሌለው አያት ዓይኑ ውስጥ አለ።

የሁሉም ርስት፣ የቀረበው እርሻ

በሁለት ወገን መቁጠር አንድ ትልቅ ጣጣ አለው። ሜዳ ላይ የተኛ ውኃ ዳርቻ የለውም። በአንድ እናትና አባት ከተወለዱ እኅትማማችና ወንድማማቾች በቀር፣ አንድ ዓይነት የዘመድ ስብስብ ያላቸው ሁለት ሰዎች አይገኙም። የአጎቴ ልጅ በአንድ በኩል ዘመዴ ነው፤ በሌላው በኩል እኔ የማላውቃቸው ብዙ ዘመዶች አሉት። ስለዚህ ይህ ውስጥ፣ ያ ውጭ ተብሎ የሚከለል ጎሳ ሊቆም አይችልም። ሁሉም የሁሉም ወራሽ ከሆነ ደግሞ መሬቱን ማን ያርሳል?

ይህን ጥያቄ ቀርቦ ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ነው። ጎጃም ውስጥ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት ከመረመረ በኋላ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ አሳተመ። ደጋ ዳሞት ከፎገራ ሩቅ ነው፤ ርስት ግን በጎጃምም በበጌምድርም የቆመበት መሠረት አንድ ነበር። አንድ አቅኚ አባት መሬቱን መጀመሪያ ይይዛል። ከእሱ የሚወርድ ሁሉ፣ በወንድ ይውረድ በሴት፣ ከዚያ መሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። አራት አያት ያለው ሰው በአራቱም በኩል፣ ስምንት ቅድመ አያት ያለው በስምንቱም በኩል ጠያቂ ነው።

ሆበን ያየው ታዲያ ሰዎች በዚህ ሁሉ መብት በየአቅጣጫው ሲያርሱ አልነበረም። አብዛኛው መብት ተኝቶ ይኖራል። ሰው የሚይዘው ከብዙው ጥቂቱን ነው፤ የትኛውን እንደሚይዝ የሚወስነው ደግሞ ደሙ ብቻ አልነበረም። የትኛው አያቱ ቀዬ አጠገብ አደገ? የዘር ቆጠራውን ሳይሳሳት የሚያስረዳለት ሽማግሌ አለ? ለክርክር የሚያቆመው ወገን አለው? ርቆ አድጎ፣ በለቅሶም በሠርግም ታይቶ የማያውቅ ሰው አንድ ቀን መጥቶ «እኔም ከእገሌ እወርዳለሁ» ቢል መብቱ እውነት ሊሆን ይችላል። የሚመሰክርለት ግን አያገኝም።

የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ ይህ ነው። የሁለት ወገን አቆጣጠር ለሰው የሚሰጠው የዘመድ እጩዎችን ነው። እጩውን ዘመድ የሚያደርገው አብሮ መዋል፣ መተያየት፣ መጠራራት ነው። በቦዩ አቆጣጠር ልጅ ተወልዶ አያቱን ሳያይ ቢያድግም ጎሳው ያው ጎሳው ነው። በሜዳው ላይ ግን ያልተጎበኘ ዝምድና በሁለት ትውልድ ይጠፋል።

ከርስት በኋላ

ርስት በሕግ ያበቃው የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ነው። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች መሬት እንደገና ተሸነሸነ፤ ብዙ ቤት ያኮረፈበት፣ ብዙ ሴት ደግሞ በራሷ ስም መሬት ያገኘችበት ነበር። ዛሬ ባልና ሚስት በአንድ የይዞታ ደብተር ላይ ይጻፋሉ፤ ውርስም በሕጉ ወንድና ሴት አይለይም።

ፎገራ ላይ በዚህ መሐል ሌላ ለውጥ ገባ። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ቀድሞ የፎገራ ከብት ሣር ነበር፤ ጤፍ አይሆንበትም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በአካባቢው የገበሬ ማኅበራት ሩዝ ሞከሩ፤ ከመጡት ዝርያዎች አንዱ ዛሬም ኤክስ ጅግና እየተባለ ይዘራል። ውኃ ያበላሸው የነበረው መሬት በውኃው ምክንያት ውድ ሆነ። አሁን ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ የሞላባት ከተማ ናት፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። ከጤፍ ጋር የተቀላቀለ የሩዝ እንጀራ የማይበላበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የአንድ አያት ጥቂት ቃዳ መሬት ዋጋ ሲያወጣ ከእሱ የሚወርደው ሁሉ ማን እንደሆነ መታወቁም ዋጋ ያወጣል፤ የሴት ልጅ ልጆችም ከዚህ ውስጥ ናቸው።

አያትን የሚመዝኑ ሰዎች

የአያትን ጥቅም በቁጥር ለመለካት የሞከሩ አጥኚዎች አሉ፤ ውጤታቸው ለሴት አያቶች ያደላል። ሚሪ ጊብሰንና ሩት ሜስ የተባሉ ተመራማሪዎች አርሲ ውስጥ ገጠር ገብተው ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ የሴት አያት መኖር፣ በተለይ የእናት እናት፣ ሕፃናት እንዲተርፉ እንደሚያግዝ አሳይተዋል። የሚያግዙትም ልጃቸውን ከከባድ የቤት ሥራ እያሳረፉ ነው። ልብ ይበሉ፣ የአርሲ ኦሮሞ በአባት በኩል የሚቆጥር ነው። ጎሳው በአንድ ቦይ ይሄዳል፤ እናትየዋ ግን ልጇ ዘንድ ውኃ ለመቅዳት ጎሳ አልጠየቀችም።

በፊንላንድ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ የተመሠረተ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሌላ ጥናት አንዲት ሴት ከ50 ዓመቷ በኋላ በሕይወት በቆየችበት በእያንዳንዱ 10 ዓመት ሁለት ያህል ተጨማሪ የልጅ ልጅ ታገኛለች ይላል። ከሦስት ዓመት በኋላ እነዚሁ ተመራማሪዎች ወንዱን አያት ፈተሹ። እንዲህ ያለ ጥቅም አላገኙም።

ወንድ አያቶች በዚህ እንዳይከፉ። ጥናቱ የቆጠረው የልጅ ልጆችን ብዛት ነው፤ ዘር የሚያስቆጥር፣ ድንበር የሚያሳይ፣ ለቅሶ ይዞ የሚሄድ ሰው በዚህ መዝገብ አይታይም። ከመዝገብ ወጥቶ ሰውን የጠየቀ ጥናት ሌላ መልስ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሃራልድ ኦይለርና ባርባራ ቫይትሰል ጀርመን ውስጥ አዋቂዎችን እስከ ሰባት ዓመታችሁ ከአራቱ አያቶቻችሁ የትኛው ተንከባከባችሁ ብለው ጠየቁ። አንደኛ የእናት እናት ሆነች። ሁለተኛው ግን የእናት አባት ነው፤ ከአባት እናት እንኳ ቀድሟል።

አንዳንድ ሊቃውንት ይህን ሲያስረዱ እናትነት አያጠራጥርም፣ አባትነት ግን ያጠራጥራል ይላሉ። እኔን አያሳምነኝም። አሌክሳንደር ፓሾስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጥናት በግሪክ ገጠር ይኸው ቅደም ተከተል ተገልብጦ አግኝቶታል፤ እዚያ የአባት ወላጆች ይበልጣሉ፣ ምክንያቱም ልጆቹ የሚያድጉት እነሱ አጠገብ ነው። ጥርጣሬው በጀርመንም በግሪክም አንድ ነው፤ የተለያየው መንደሩ ነው። ይህም ሆበን ደጋ ዳሞት ላይ ካየው ጋር ይገጥማል፤ ቀርቦ የዋለው ያይላል።

ከጥምቀት ማግስት

አሁን ወደ አዛውንቱ ቤት እንግባ። ጥር ነው፤ ሩዙ ታጭዶ ተወቅቷል፣ ገለባው ለከብት ተከምሯል። ሩዙ የተነሣበት መሬት በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ አብቅሏል። ሦስቱም ሴቶች ለጥምቀት መጥተዋል፤ ታቦቱም ገብቷል። አንዷ ቡና ትወቅጣለች፣ ሁለቱ አባታቸው ካዘጋጁት የሩዝ ጆንያ ማን የትኛውን እንደሚወስድ ይከራከራሉ። ያልተፈለፈለ ነው፤ ወረታ ወፍጮ ቤት አድርሰውት ነው የሚሄዱት። የመጀመሪያ ልጆቻቸውን የወለዱት እዚሁ ቤት፣ እናታቸው ገንፎ እያገነፋችላቸው ስለሆነ፣ ትልልቆቹ ልጆች ቤቱን እንደ እንግዳ አይገቡበትም።

ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ሽምብራው ውስጥ ናቸው። አዛውንቱ አንድ እግር ሽምብራ ከነሥሩ ነቅለው ያቀብሏቸዋል። እሸቱ ፍሬው ከመገኘቱ በፊት ጣትን ይኮመጥጣል፤ ቅጠሉ ላይ ያለው ላብ የመሰለ ጠብታ አሲድ ነው። የባሕር ዳሯ ትንሿ ጣቷን ልሳ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ከዚያ እንደገና ትልሳለች። አዛውንቱ ይስቃሉ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

የአባቷን ስም ትነግራቸዋለች።

«እሱንማ አወቅሁት። በእናትሽስ?»

«የእርስዎ፣ አባባ።»

«እኔስ የማን ነኝ?»

እዚህ ላይ ትቆማለች። ታላቅ ወንድሟ ያቀብላታል፤ እሱ አምና ተጠይቋል። አዛውንቱ ከእሱ ተቀብለው አንድ በአንድ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የትኛው የትኛውን መሬት እንዳቀና፣ የትኛው ለየትኛው ደብር እንዳገለገለ እየጨመሩ። ልጆቹ ግማሹን ሰምተው ግማሹን ትተው ወደ ወፍ ማባረር ይሄዳሉ።

ቡና የምትወቅጠው ልጃቸው ከሩቅ ታያለች። እነሱ ልጆች ሳሉ በዚህ እርሻ ውስጥ ሣቅ አልነበረም፤ አረም ነበር፣ ቁጣ ነበር። «አያት ያሳደገው» ብለን የምናማው ልጅ የሚገኘው ለዚህ ነው። አባት ልጁን አርሞ ለማኅበረሰቡ የማስረከብ ዕዳ አለበት፤ አያት ያ ዕዳ ወርዶለታል። በተለይ የእናት አባት፣ የልጁ ስም ላይ ስለሌለ፣ ልጁ ቢያጠፋ የሚነሣው የእሱ ስም አይደለም። ይህ ነፃነት ነው፤ አዛውንቱም በሙሉ ልባቸው ይጠቀሙበታል።

የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ ክርስትና አባትና ስለ ጡት ልጅ፣ ማለትም ያለ ደም ስለሚቆጠር ዝምድና ነው። ወደዚያ ከመሻገርዎ በፊት ወረቀት ያውጡና የስምንቱን ቅድመ አያቶችዎን ስም ይጻፉ። በአባትዎ አባት በኩል ያለው ብዙም ላይቸግርዎት ይችላል፤ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ግን በእናቱ በኩል ያሉት አራቱ ላይ ነው። ባዶውን ቦታ የሚሞላልዎት ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ይደውሉለት፤ ልጅ ካለዎትም ስልኩን ለልጅዎ ያቀብሉና እሱ ራሱ ይጠይቅ።